ሰላይ በሽምብጥ

ልጃችንን ላያቷ ሰጠናት ላንድ ማታ፤
ጥብስ አሣ ባንድ ሳህን፣ ባንድ ጋቢ ሁለት ጌታ።
ቲቪው ላይ ፍላሽ ሰካን፤ ሰላይና ሰላይ
ቀን ተሳስመው ውለው ሲታኮሱ ጣራ ላይ።

ሰውየው ከነሱፉ ከድልድይ ዘሎ ጠልቆ
ማዶ ብቅ አለ ደግሞ፣ ጸጉሩን እንኳ አድርቆ።
ባንቺአምላክ ሳቀች፦ «እስኪ አባይን ይሞክራ!
ጉማሬዋ ታስተምረው ከልጆቿ ጋራ።»

ልጅት ሽጉጥ መዝዛ «እውነቱን ተናገር!»
ስትለው — ድርግም! መብራት ሄደ ከሰፈር።

«ተናገር» አለችኝ በጨለማው ከጎኔ፣
ሁለት ጣቷን ደግና ልክ እዚህ፣ በጎድኔ።
«ሰኞና ሐሙስ ማታ ‹ስብሰባ› ብለህ ስትመጣ
ጸጉርህ ለምን ረጠበ? ቦርሳህ ውስጥስ የማን ፎጣ?»

አመንኩ፤ ምን ላድርግ።
                «ዋና ነው የምማር።
ዘጌ ስንሻገር ጀልባው ሲናጥ በባሕር
እኔ የጮኽኩት ጩኸት፣ አንቺ የሳቅሽው ሳቅ
አላስተኛኝ አለ።»
                «አይ ሞኝ! ይሄን ሳላውቅ!
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደንገሉ ጀርባ
ነጠላ ተከናንቤ ቆሜያለሁ እንደ ሌባ።
መቶ ብርም ሰጠሁ ላሣ አጥማጁ ላንማው፦
‹ያ ድንጋይ ሲሰጥም ሳታመነታ አውጣው።›»

መብራት መጣ። ፊልሙ ካንደኛ ጀመረ፤
ሰውየው በሱፉ ድልድዩ ላይ ነበረ።
ማንም አላየውም።
ጣቷ ግን ከጎድኔ ሳይነሳ አደረ።