ተሰባሪ

ሹዌኽ ወደብ ሳለሁ፣ መጋዘን ሰባት ውስጥ፣
ሥራዬ ይኽ ነበር፦ ቀይ ወረቀት መላጥ፤
በመስተዋት ሣጥን፣ በሸክላ፣ በመብራት፣
«ተሰባሪ» እያልሁ ማተም ቀን ከሌሊት።
ካርቶን ስም ሲሰጠው ሳይሰበር ነው ገና፤
ትርጉሙም ይኸው ነው፦ ቀስ በል፣ ያዝ በደህና።

አሁን ኩዌት መሐል፣ በረዶ አዳራሽ፣
ማሽን እነዳለሁ፣ የጭረት አባሽ።
ነሐሴ ላይ እንኳን፣ አስፋልት ሲለበልብ፣
እኔ ነኝ ሹራብ ላይ ሹራብ የምደርብ።

እዚህ ነው ሚሻልን ያየሁት፤ የሆኪ ተከላካይ፣
ቁጥር አርባ አራት፣ ጢሙ ገና ብቅ ባይ።
አንድ ዓመት ትከሻው፣ አንድ ዓመት ጉልበቱ፣
አምና ጎድን አጥንቱ፣ ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቱ።
ደጋፊው አጉረመረመ፦ «ይሄ ልጅ አይበጅም፤
መስተዋት ነው አጥንቱ፣ ለውድድር አይሆንም።»
ሥራ አስኪያጁም ጻፈ፣ ከስሙ ትይዩ፦
«ተሰባሪ ነው፤ ሌላ ሰው እዩ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ።
በእነዚህ ጣቶቼ ስንት ሺህ ጊዜ ለጥፌዋለሁ።
ካርቶን ላይ ሲለጠፍ «ቀስ በል» ነው ነገሩ፣
ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን «ጣሉት» ነው ምሥጢሩ፤
ያውም ከሰበሩት፣ ካነከሱት በኋላ፣
ሰባሪው ንጹሕ ሊሆን፣ ጥፋቱ የገላ።

እኔ ከማሽኔ ወንበር፣ ከበሩ ጀርባ ሆኜ፣
ስንቱን አይቻለሁ፣ ቆጥሬ፣ መዝኜ።
ጥቁሯ ጎማ ወደ ጥግ ስትበር ቀድሞ የሚደርስባት፣
ወደ ጎል ስትተኮስ ደረቱን የሚሰጣት፣
ያ ልጅ ነው።
ነዋፍ ግን አምስት ዓመት አልታመመም ከቶ፤
ብረት ይለዋል ሕዝቡ፣ ሙሉ ገላውን አይቶ።
እኔ የማየው ግን ጥጉ ሲመጣ ዞሮ
መራቁን ነው፣ በሰው አጥንት ኖሮ።

እኛ ደነባ ሜዳ ላይ፣ ለገና ስንወጣ፣
ሩሯን ስንለጋት ጀንበር እስክትገባ፣
አያ ሸዋንግዛው ነበሩ፤ ቅልጥማቸው ሦስት ቦታ ጎብጦ፤
ቡድን ሲከፈል ግን ሁሉም ይሻቸው ነበር፣ ከጤነኛው አስበልጦ።
«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላላ አገሩ!
ጠባሳቸውን በነውር መዝገብ ማን ጻፈው፣ ማንስ ያዘው በቁጥሩ?

አንድ ነገር ልጨምር። ከሦስተኛው በር አጠገብ፣
የሚሰነጠቅ ቦታ ነበር፤ ውኃ ባፈስ፣ ብደርብ፣
ማለዳ ተከፍሎ ይጠብቀኛል።
«መጥፎ በረዶ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ሰደብሁት።
ኋላ ቴክኒሻኑ ኩንጁሞን ወለሉን ሲከፍተው፣
ከሥር የፈነዳ ቱቦ ነው፤ በረዶውማ ምን በወጣው!

ሚሻልንም እንዲሁ፣ ጉልበቱ ሳይሽር፣
«ለፍጻሜው ድረስልን» አሉት፣ ሐኪሙ ካለው ሦስት ሳምንት ሲቀር።
በዚያው እግር ወደቀ።
ይህም በእሱ ስም ተጻፈ፤ በማንም አልተጠየቀ።

አላውቅም። ምናልባት አጥንቱ ስስ ይሆናል።
ሰው ሁሉ ከአንድ ጭቃ፣ በአንድ እጅ ውፍረት አልተሠራም።
ግን ስስነት ሌላ፣ ወደ ጥግ መሮጥ ሌላ፤
ሁለቱን ደርቦ የያዘን ሰው በአንድ ቃል መጥራት ግፍ ነው።

እኔም ወገቤን መጋዘን ሰባት በልቶታል።
ለመኖሪያ ፈቃድ ምርመራ ስቀርብ፣ በየዓመቱ፣
«የሚያምህ አለ?» ይለኛል ዶክተሩ፣ ሳያየኝ ፊቱ፤
«የለም» እላለሁ፣ ቀጥ ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ።
የእኔ ወረቀት ገና አልተላጠም።

ትናንት እኩለ ሌሊት ሚሻል በሩ ላይ ቆሟል፤
ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አጥልቋል።
«አሥር ደቂቃ» አለኝ።
መክፈት ክልክል ነው።
ግማሹን መብራት አበራሁ።
በግራ እግሩ ሲዞር አመነታ፤ ቆመ፤ ደግሞ ዞረ።
ከዚያ ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳያይ፣ ወደ ጥጉ በረረ።

ሲሄድ ማሽኔን አስነሣሁ።
ጭረቱ ሁሉ ጠፋ፣ የነዋፍም፣ የሌላውም፤
በረዶ መዝገብ አይዝም።
የጥጉ ግን ጥልቅ ነበር፤
እሱን ሁለት ጊዜ አለፍሁበት።