በገጽ ሁለት መቶ ብር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ መብራት ሲያሻው የሚታይ፣
በሬ ላይ ለጥፌያለሁ፦ «የትርጉም አገልግሎት፣
ከዓረብኛ ወደ አማርኛ፣ በገጽ ሁለት መቶ ብር።»
ደረጃ የሚወጣው ጎረቤት አንብቦ ይቀልዳል፦
«ትርጉም እንዲህ ከረከሰ፣ እኔ ስፈልገው የት ነበር?»

ዛሬ ሲፈን መጣች፣ የሦስተኛ ፎቋ፣
ደብተር በብብቷ፣ እርሳስ በጆሮዋ።
«የቤት ሥራ ነው፤ ባለሙያ ጠይቁ ተባልን።
እንደገና ብትጀምሪ ይህንኑ ትመርጫለሽ?
በሁለት መስመር ይበቃል፣ ሌላም አላዘዙን።»

በሁለት መስመር!
መጀመሪያስ መቼ መረጥኩና።
ዓረብኛ የገባኝ ከማድቤት ነው፣ ከእመቤቴ ቁጣ፤
«አምጪ»ን በዕለቱ አወቅሁ፣
«ውሰጂ»ን በማግሥቱ፣
«ይቅርታ»ን በሳምንቴ፣
«ደክሞኛል»ን ግን በዓመቱ።
ሰባት ዓመት ሰምቼ ስመለስ ሻንጣዬ ቀሎ፣
ጉምሩክ ያልፈተሸው ቋንቋ ብቻ ነበር፣
ምላሴ ላይ ተጠቅልሎ።

ተቀመጥኩ። የሰው ወረቀት መጣ፦
የሥራ ውል፣ «ዕረፍት» የሚለው ቃል ከመሃሉ የታጣ፤
የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ጽሑፉ ከጉንዳን የደቀቀ፤
ከሪያድ የድምፅ መልእክት፣ ግማሹ ሳግ
(አላስከፈልኩም፤ ሳግ በስንት ገጽ ይታሰባል?)
አንዴም የፍቅር ደብዳቤ።
እሱ ላይ አንድ ቃል ጨምሬያለሁ፣
ተጋብተዋል፤ እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ሲፈን ግን ሌላውን ታውቃለች።
ጥቅምት ላይ እማማ ሎሚ ከገላን ጫፍ በእግር መጡ፣
አማርኛ አይሰሙም። የኔም አፋን ኦሮሞ ከ«ወራጅ» አያልፍም፤
የምኖርባት ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት እንደሆነች እንኳ
ከዚችው ልጅ ነው የተማርኩት።
ጠራናት። በመሃላችን በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣
እግሯ መሬት ሳይደርስ።

ወረቀቱ አጭር ነው። ስም፣ ጫልቱ። ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት።
ምክንያት፦ «ሰቀጠት»።
በነሱ አፍ መውደቅ ነው፤ እኔን ግን በኔው አፍ ሰቀጠጠኝ።
ከሰባተኛ ፎቅ። መስኮቱን ማን ከፈተው? በሩን ማን ዘጋው?
ግሡ አይናገርም፣ ብቻውን ቆሟል።
«ወደቀች» ብዬ ጻፍኩ።
ሲፈን አንገቷን ደፍታ፣ «ኩፍቴ» አለች።
በሦስት ቋንቋ ወደቀች ጫልቱ፤
አንዱም እጁን አልዘረጋላት።

እማማ ሎሚ ቀስ ብለው ጠየቁ፣ ሲፈን ወደ እኔ አዞረችው፦
«‹ራሷ ናት ወይስ ሰው?› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»
ወረቀቱ አይልም፣ አልኩ። ያላለውን አልጽፍም።
ለፍቅረኞቹ እንደ ዋዛ ያወጣሁት አንድ ቃል
ያን ቀን ጉሮሮዬን ዘግቶ ቆመ፤
ማኅተሜን መታሁ።
ገንዘቡን አልቀበልም ብል ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ፣
በመሐረብ እንደተቋጠረ።
ስንት ጉድ ስፈታ የኖርኩ ሴትዮ፣
እስከ ዛሬ ያልፈታሁት እሱን ነው።

«ታዲያ?» አለች ሲፈን፣ የእርሳሷን ጫፍ እያኘከች።
መብራት ሄደ። ማተሚያው አንድ ገጽ በጥርሱ ነክሶ ቀረ።
ከታች ወያላው «ቃሊቲ! አንድ ሰው! ቃሊቲ!» ይላል።
ዝም አልኩ፤ ቢጻፍ ሦስት ገጽ የሚወጣው ዝምታ።
እሷ ግን በስልኬ ብርሃን ጎንበስ ብላ፣
አንድ ቃል ጻፈች፦
«እመርጣለው»።

እንዲህ አላልኩም።
ደብተሩን ሳብኩት፣ እርሳሱን ተቀበልኳት፣
‹ው›ን ሰርዤ ‹ሁ› አደረግኩት።
ሌላውን እንዳለ ተውኩላት።