ሞክሼ

የድሮዎቹ ነፋሶች ስም አልወጣላቸውም፤
ከደረሱበት ቅዱስ ቀን በቀር በሌላ አንጠራቸውም፦
የማቴዎስ ለት የመጣው፣ ጀልባ ዛፍ ላይ የሰቀለው፣
የፍራንሲስኮ ለት የመጣው፣ ደወል ነቅሎ የወሰደው።
ሽማግሌው ሳባስ እንኳ፣ ዕድሜው ስንት ነው ሲባል፣
«በማቴዎሱ ጊዜ እኔ የወተት ጥርሴን ነቅያለሁ» ይላል።

ኋላ ነው ስም የመጣው፣ በራዲዮ፣ ከሩቅ አገር፣
ዓመት ሳይብት ተጽፎ፣ በፊደል ተራ ሲነገር።
በዚያ ዓመት ተራው ደርሶ «ፌሊሳ» ተባለ ነፋሱ፤
«ሞክሼሽ መጣች!» እያሉ ልጆች እኛ ቤት ደረሱ።
እኅቴ ፌሊሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወላቃ፣
ኒካኖር ሱቅ በር ላይ ትቆማለች፣ የወሬውን ሰዓት ጠብቃ።
«ፌሊሳ ወደ ሆንዱራስ ጠረፍ እየገሰገሰች ነው» ሲል፣
«ኧረ እዚሁ ነኝ!» ትላለች፤ ሱቁ በሳቅ ይናወጣል።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩ፣ እንደ ባለዕዳ ድምፁን አጥፍቶ፣
ከደጃችን ሸሸ፣ አሸዋውን ባዶ ትቶ።
ልጆች ከጭቃው ላይ ዓሣ ለቀሙ፣ በእጃቸው።
ማታ ግን እንደ አበዳሪ መጣ፣
ከነወለዱ ሊያስከፍላቸው።

ቆርቆሮው ከጣራ ሲነሳ እንደ ወረቀት ነበር፤
ኮኮናቱ ሰገደ፣ ሰገደ፣ መጨረሻው መሰበር።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ጸጥ።

ዐይን አላት ይሉ ነበር፤ እውነት ነው፣ ገብተን አየነው፦
ክብ ሰማይ፣ ኮከብ በኮከብ፣ ጠብታ የማይወርድበት ነው።
ዐይን ያላትማ ታያለች ብለን፣ ሞኞቹ፣ ወጣን ከቤት፤
ኒካኖር ዐሳማውን ፍለጋ፣ ሳባስ ጀልባው ካለበት፣
እናቴ ኤውፌሚያ ደግሞ የካሳቫ መፋቂያዋን፣
ከአያቷ የወረሰችውን፣ ጠጠር የተሰካበትን ሳንቃዋን።
«መጣሁ» አለች። ፋኖሷ ራቀ፣ አነሰ፣ ጠፋ።
ነፋሱ በሌላው በኩል ዞሮ በሩን ሲገፋ፣
ከጨለማው ድምፅ ሰማን፣ «ፌሊሳ!» ብላ ስትጣራ።
ልጇን ይሁን ወይስ ያቺን፣
በእርግማን ይሁን በአደራ፣
እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ሲነጋ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ጭቃው መስመር አስምሯል፤
ከመቃብሩ ቦታ ግማሹ ከነሙታኑ ባሕር ገብቷል።
ሳንቃው በሳምንቱ ተገኘ፤ እናቴ አልተገኘችም።

«ፌሊሳ ናት የገደለች፣ ፌሊሳ ናት የነቀለች፣
ስም አጠራሯ ይጥፋ!» ይላል የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፤
እኅቴ ከበሩ ኋላ፣ መዳፏ በጆሮዋ ላይ።
«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ አንድ ማታ። መልስ አልነበረኝም።
መንደሩ «የኤውፌሚያ ልጅ» አላት፤
እኔም፣ ወንድሟ፣ ከዚያ ወዲህ በስሟ አልጠራኋትም።

በዓመቱ ወሬ ደረሰን፦ አዋቂዎቹ በሩቅ አገር
ተሰብስበው ስሟን ሰረዙት፣ ለነፋስ ዳግም እንዳይነገር።
እንደ ጡረታ ነው መሰለኝ፣ ብዙ ለገደለ የሚሰጥ ክብር።
የእናቴ ስም ግን በየትም መዝገብ አልሰፈረም ነበር።

አርባ ዓመት ሆነው።
እኅቴ ጸጉሯ ሸበተ፤ ማንግሮቭ ትተክላለች በጭቃው ዳር፤
የነፋሱ ወር ሲገባ ግን ራዲዮዋን ታቅፋ ነው የምታድር።
ስም በተጠራ ቁጥር ተነስታ በየቤቱ ትዞራለች፦
«ኦቲሊያ የምትባል ልጅ እዚህ ሰፈር አለች?»

ዘንድሮ አንዲት ተገኘች፤ ስድስት ዓመቷ ነው፣
ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አሸዋ በጣሳ ትሰፍራለች።
እኅቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ከሩቅ ቆሜ ሰማኋቸው።
«ነገ ሰዎች ስምሽን በክፉ ቢያነሱ፣ አንቺን አይደለም ማለታቸው።
ያቺ ነፋስ ናት። አንቺ ልጅ ነሽ።»
ልጅቱ ጣሳዋን ገለበጠች።
«አንቺስ ስምሽ ማነው?» አለች።
እኅቴ ወደ ባሕሩ አየች፤ ቆየች።
ከዚያ ነገረቻት፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ጮክ ብላ።
«ጥሩ ስም ነው» አለች ልጅቱ፣ ወደ አሸዋዋ ተመልሳ።
እኔም ከቆምኩበት፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ሞከርኩት፦
ፌሊሳ።
ጨው ጨው ይላል።