ልል ስፌት

የክለቡ ፕሬዚዳንት ደወለና፣ «ቦጉሚላ፣ ስሙን ስፊ፤
ግን ላላ አርጊው፣ እስከ ገና ነው፤ ክር አታባክኚ፣ አትልፊ።»

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስታርጋርድ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ።
የሙሽራ ቀሚስ አጠባለሁ፣ የተበላሸ ዚፕ እቀይራለሁ፤
ስለ ኳሱ አትጠይቁኝ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ አይቻለሁ፣
የጫማው ሲጢጥታ ራሴን ሲያሳምመኝ በእረፍት ወጥቻለሁ።
መለያዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ፤
በተለይ አሥራ ሦስት ቁጥርን።
ማንም አይመርጠውም፤ ሁሌም ሳጥን ውስጥ ነው፣
ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ የሚተርፍ ዕጣ ነው።
በጣቴ ሳነበው፣ ጀርባው ላይ ስድስት ስም አለ፤
ክሩ ተመዝዞ ቢወጣ፣ ቀዳዳው የት ይሄዳል? እዚያው ዋለ።

ኅዳር ላይ ራሱ መጣ፤ በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ፤
ዝሆን የሚያህል ሰው ስጠብቅ፣ በበሬ ጎንበስ ሳይል አለፈ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት፤ ጢሙ ላይ ሽበት፤
ግራ ጉልበቱ ላይ በላስቲክ የታሰረ ሌላ በረዶ።
ከሦስት ቋንቋ ስብርባሪ ገጣጥሞ ነው የሚያወራው፦
«ቲልማን። ቨርነል ቲልማን፣ ከሳጊናው። በሁለት ኤል፤ አደራ።
በቱርክ አንዷን ነጠቁኝ፤
በሞንቴቪዴዎ ደግሞ ‹ሚልማን› ብለው ሦስት ወር አጫወቱኝ።»

ወንበር ሰጠሁት። «ወንበርስ ለምጃለሁ» ብሎ ሳቀ፤
ከተማ በከተማ ቆጠረልኝ፤ የእጁ ጣት አልቆ ወደ እግሩ ዘለቀ።
በቦስኒያ ክለቡ ከሰረና፣ በሁለት ወር ደሞዝ ፋንታ
አራት የክረምት ጎማ ሰጡት፤ መኪና ለሌለው ሰው፣ ስጦታ።
የጋብቻ ቀለበቱን ለጨዋታ እያወለቀ ካልሲው ውስጥ ሲደብቅ ኖሮ፣
አንድ ቀን ካልሲው ባዶ ሆነ፤ እሱም አልፈለገው፤
ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው ቀለበት አንድ ነው፣
ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለው።

አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በትልቁ ሊግ የአሥር ቀን ውል ፈረመ።
ዘጠኙን ቀን ፎጣ አቀበለ።
በአሥረኛው፣ ተመልካቹ ኮቱን ደርቦ ወደ በሩ ሲጋፋ፣
አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ አሰለፉት።
አንድ ቅርጫት አገባ።
ሌሎቹ ቅርጫውን ተካፍለው ሲሄዱ፣ ለሱ ቅርጫቱ ደረሰው።
ሲነግረኝ አልከፋውም፤ የጎረቤት ወሬ ነበር የሚመስለው።

የክሬ ውል ጠፋብኝ። መነጽሬን ስፈልግ፣
ልቃቂቱን ከእጄ ወስዶ፣ በነዚያ ሰፋፊ ጣቶች ጫፉን አወጣው፤
«እኔ» አለ፣ «ውል አላጣም። ማሠሪያውን ነው የማጣው።»

ላላ አድርጌ ሰፋሁት። ምን ላድርግ፤ የሚከፍለኝ ክለቡ ነው።
መለያውን ተቀብሎ አገላበጠው፣
የመጨረሻዋን ፊደል በጥፍሩ ሳብ አደረጋት፤
«እስከ ገና ነው ማለት ነው» አለ።
አመስግኖኝ ወጣ።

ገና አራት ቀን ሲቀረው መለያው በፌስታል ተመለሰ።
እሱ በሌሊቱ ባቡር ሄዷል፤ ወደ ኮሶቮ አሉኝ፣ ወደ ቆጵሮስም አሉኝ።
መቀሴን አነሳሁ፤ አንድ ክር ስስብ ሁሉም ይረግፋል ብዬ።
እምቢ አለ።
በኔ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት ሄዶበታል፤ የሆቴል ክር፣ ጥቁር፣
መርፌ ያልለመደ እጅ ያረፈበት፣ ወልጋዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣
ከውስጥ በኩል፣ በእያንዳንዱ ፊደል ሥር፣ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ።
ማታውን ሙሉ ፈታሁት። ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋሁ። ተሳደብኩ።

ቀጣዩ ልጅ የዚሁ ከተማ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ቪልቼክ ይባላል።
ቆጠርኩት፤ የሱም ስም ሰባት ፊደል፤ ሦስተኛዋ ኤል።
ያቺን አልነካኋትም።
ከነጥቁር ክሯ፣ ከነቋጠሮዋ፣ ከነወልጋዳነቷ እዚያው አለች።
ልጁ አላወቀም።
ጀርባው ላይ ናት፤ የራሱን ጀርባ ማን ያያል?