በመብራት ሂሳብ ጀርባ

ብስክሌት ስጠግን ውዬ፣ ግራሱ ከጥፍሬ ሳይለቅ፣
ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ተቀመጥኩ፣ የልጄን የትምህርት ዋጋ ላውቅ።
በመብራት ሂሳብ ጀርባ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፤
ከተማ፣ ክፍያ፣ ትርፍ አልኩና፣ እንድታነበው በእንግሊዝኛ ጻፍኩ።

ትርሲት እንግሊዝኛ ልትማር ነው፤ ቋንቋውንማ ታውቃለች፤
«ቋንቋውን ሳይሆን፣ አባዬ፣ ድርሰቱን ነው» ትላለች።

እዚሁ ግሮኒንገን ብትቀር፣ ሁለት ሺህ ተኩል ዩሮ ባመት፣
መኝታዋ የራሷ አልጋ፣ ምሳዋም ከኛው ቤት።
ጎልዌይ ክፍያው ደህና ነበር፣ የቤት ኪራዩ ነው እንጂ ጉድ፤
ሊድስን ጽፌ ሰረዝኩት፣ ዜሮው እንደ ሰንሰለት ሲነጉድ።

ትርፉንስ ማን ይነግረኛል?
የጎረቤቴ ልጅ ፌምከ፣ ያንኑ ተምራ፣ ተመርቃ፣
ሆቴል ቁልፍ ታቀብላለች፣ እንቅልፏን ከዓይኗ አርቃ።
ወንድሟ ሩበን ደግሞ የመድኃኒት መመሪያ ይተረጉማል፤
«አንዲት ኮማ ከሳትኩ» ይላል፣ «ሰው ይታመማል»።
ደሞዙን ብጠይቀው ግን፣ ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል።

ወረቀቱን ትቼው ተኛሁ።
ጠዋት ሳየው፣ «ክፍያ» ባልኩት ቃል መሐል የጎደለችኝን ፊደል
በቀጭን እርሳስ ጨምራለች፣ እንደ ጥሩ ጠጋኝ፣ ሳትል
«አባዬ፣ ይኼ ተሳስቷል»።

ሃያ ዓመት ያንን ቃል እንዲያው ጎዶሎ ነው የጻፍኩት፣
በሱቄ በር ለውጭ ተማሪ፣ «ክፍያ በቅድሚያ» ስል የለጠፍኩት።
ስንቱ ዶክተር ጎማ አስነፋ! ማንም ትንፍሽ አላለም።

ትርፍ ከሚለው ሥር ግን እሷም ምንም አልጻፈችም፤
የመብራቱም ሂሳብ፣ ከጀርባው፣ ገና አልተከፈለም።
የበሩን ሰሌዳ ነቅዬ ከግድግዳው አስደገፍኩት፤
ቅዳሜ ቀለም ይዤ እመጣለሁ ብላለች፤ እስኪ ልጠብቃት።