ሦስት ክሬዲት ይቀርሃል

ስሜ ከቅጹ ሥር ነው፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከማኅተሙ ጎን፤
እኔ ካልፈረምኩ ማንም አይመረቅም፣ ቢያውቅም ሁሉን።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በላይኛው ሚሺጋን፣ በሐይቁ ዳርቻ፣
ሥራዬ ይኸው ነው፦ ሣጥን ላይ ምልክት፣ ሣጥን ላይ ብቻ።

ዌንደል ኮስኪ ገባ።
ሚያዝያ ነው፤ በረዶው ግን የቀን መቁጠሪያ አያነብም።
ጫማው ላይ ጭቃ፣ ጓንቱ ላይ ናፍጣ፣
ሌሊቱን መንገድ ሲጠርግ አድሮ፣ እንቅልፍ ሳይቀምስ የመጣ።
ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የፊዚክስ መምህር ሊሆን ነው።
«አንብቢልኝ» አለ፤ «ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደሉም ደቃቃ።»
አነበብኩለት፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ፣ እስኪለኝ በቃ።

ካልኩለስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፦ አልፈሃል፤ ሦስተኛውን በጭንቅ።
መካኒክስ፦ አልፈሃል።
(የሚንሸራተት ነገር ከአንተ በላይ ማን ሊያውቅ?)
ኤሌክትሪክና ማግኔት፦ አንዴ ወድቀህ፣ በሁለተኛው ቀንቶህ፤
ጥር ነበረ፣ አውሎ ነፋሱ አራት ሌሊት መንገድ ላይ አቆይቶህ።
ቴርሞዳይናሚክስ፣ ዘመናዊ ፊዚክስ፣ የብርሃን ቤተ ሙከራ፤
ኬሚስትሪ ዓመት ሙሉ፣ ጠርሙስ ስትሰብር፣ አሲድ ስትፈራ።
የጉርምስና ሥነ ልቦና፣ የፈተና አወጣጥ፣ የክፍል አያያዝ፤
ሁሉም በወለድ ብድር፣ ትከሻ ላይ የሚጫን ጓዝ።
ከዚያ አሥራ አራት ሳምንት ልምምድ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምሳ፤
እያስተማሩ መክፈል! ማን እንደፈጠረው አይነሳ።

«ለምን ግን?» አልኩት፤ ለዚህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ሣጥን የለም።

«ፊዚክስ ያስተማረን የሆኪ አሠልጣኝ ነው» አለኝ። «ደግ ሰው።
መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያነብልናል፦ ሰባት ነጥብ ሁለት።
ሰባት ነጥብ ሁለት ምን? አልኩት አንድ ቀን።
ገጹን ገለበጠ። ፈለገ። አጣ።
ሰባት ነጥብ ሁለት፣ በቃ፣ አለኝ ፊቱ ቀልቶ፤
እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፣ ኒውተን ይሁን ሜትር ሳላውቀው ቀርቶ።»

የልምምዱ ዘገባ እጄ ላይ ነው። የተቆጣጣሪዋ ጽሕፈት ቀጥ ያለ፦
«የካቲት ዘጠኝ፤ ተለማማጁ ከትምህርት ዕቅዱ ውጪ ዋለ።»
ነገሩ እንዲህ ነው። ቶቪ የምትባል፣ ከኋላ ወንበር፣ አፏን ሸፍና የምትስቅ፣
«ጨው በረዶ ያቀልጣል፤ ታዲያ ትናንት ምን ነካው?» ብላ ስትጠይቅ፣
ጠመኔውን አስቀመጠ።
ሃያ ሰባቱንም ኮት አስለብሶ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ፣
አንድ ባልዲ ጨው፣ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ አንድ ቴርሞሜትር ይዞ መጣ።
ከዜሮ በታች ሃያ አምስት።
ጨዉ በረዶው ላይ ቁጭ አለ፣ እንደ ጠጠር፣ ዝም ብሎ፤
ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብሎ
ስንት ዘመን የተመከረው ጨው፣ እዚያ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።
«ዘጠኝ ዓመት በትኜዋለሁ» አላቸው። «እንዲህ ሲበርድ አሸዋ እጭናለሁ።
እጄ ያውቅ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበረ።
ኑ፣ እንለካ።»
ተቆጣጣሪዋ ነጥብ ቀነሰች።
ከግርጌው ግን በእርሳስ፦ «ደወሉን ማንም አልሰማውም።»

አንድ ሣጥን ቀረ። ጂኦሎጂ፣ ሦስት ክሬዲት፣ ባዶ።
«ትምህርት ቤቱ በመስከረም ይፈልገኛል» አለ፣ ጓንቱን እያሸ፣
«ስድስት ዓመት ሙሉ መምህር አጥተው፤ ድንጋይ ለፊዚክስ ምን ያደርጋል?»
እስክሪብቶዬ ቀረብ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እጄም ሸሸ።
አንድ ጭረት ነበረ። ማንም አያይም።
«ቶቪ ታናሽ እህት አለቻት አላልክም?» አልኩት፤
«ኪሷን ሁሉ ጠጠር የሞላች?»
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ።
«ይሄ ምን ድንጋይ ነው? ልትለኝ ነው» አለና ወንበሩን ለቀቀ።

በሐምሌ አየሁት፣ በሐይቁ ዳር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበት ሰብስቦ፣
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች መሀል፣ መዶሻ በቀበቶው አንግቦ።
አንድ እርጥብ ድንጋይ አነሳ፤ ለብርሃን ሰጠው፤
መልሱ ከጀርባው የተጻፈ ይመስል ገለበጠው።
ምንም አልተጻፈበትም።
ቁጭ ብሎ ያየው ጀመር።