ይርገዱ ተመረቀች

መሐል ሜዳ ላይ፣ ጧት፣ ውርጩ ሳይለቅ መስኮቱን፣
እስክሪብቶዬን በትንፋሼ አሙቄ ስጀምር ቀኑን፣
በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች ይርገዱ፤
እግሯ ላይ አቧራ ሆኖ አብሯት መጣ መንገዱ።

«እንደምን አደርክ» እንኳ ሳትል፣ «ማነው» አለች «የመረቀኝ?
ቄስ ቤቴን አልረገጠ፣ ሽማግሌ አልዳሰሰኝ፤
ፊደል አልቆጠርኩ፣ ቆብ አልደፋሁ፣ አበባ ማን ሰጠኝ?
'ተመርቀሻል' አለኝ ታዛቢው፣ ከስንዴው ሲያስወጣኝ።»

እውነቷን ነው። ዝርዝሩ ላይ፣ በእኔው እጅ፣ በእኔው ቀለም፣
«ከሴፍቲኔት የተመረቁ» ይላል፤ የፊደል ግድፈት የለም፦
ቆርቆሮ ቤት፣ አንዲት ላም፣ አራት በግ፤ ነጥቧ ሞላ።
በጎቹን ለዕዳ መሸጧን ቅጹ አይጠይቅም ኋላ።

መዝገቡን ገለጥኩላት። የጎደለውን እሷ ሞላችው።
በሰባ ሰባት፣ ከመጋዘን ደጅ፣ ሆዷን ይዛ ተሰልፋ
የወሰደችው አንድ ቆርቆሮ ዘይት፣ ግማሽ ከረጢት ፋፋ፤
ያ የተረፈው ጸጋዘአብ፣ በብስኩት ፊደል የቆጠረ፣
ግማሹን ለእህቱ ብሎ ኪሱ ውስጥ እያሳደረ፤
ከዚያ ማዳበሪያው፣ ድጎማ አለው ተብሎ፣ በዱቤ ተሰፍሮ፣
ገብሱን በረዶ መታው፤ ዕዳው ብቻ በቀለ አምሮ።
የጤና መድን ደብተር፣ የባሏ ፎቶ እስካሁን ያለበት፣
ምርመራው በነጻ፣ መድኃኒቱ «ከውጭ ይገዛ» የተባለበት።
በወር አምስት ቀን ድንጋይ ተሸክማ፣ እርከን ሠርታ ዳገት ለዳገት፣
ዛሬ ጓሳ የሸፈነው ያ ቀይ ገመገም የእሷ ጀርባ አለበት።

አልዋሽም፤ ያ ስንዴ ባይደርስ፣ ዛሬ የሚጠይቀኝ ባልነበር።
ለእኔም በየወሩ ይቆረጣል፣ ለጡረታዬ ደጃፍ ወንበር።

«ሌላ መስመር አለ» አልኳት፣ «ቀጥታ ድጋፍ፣ ጉልበት ለከዳው።
ዕድሜሽ ስንት ነው?» ዝም።
የጠረጴዛዬን ስንጥቅ በጣቷ ዳሰሰችው።
«አባቴ ለግብር ጥቁሩን በሬ የሸጠ ዓመት ነው የተወለድኩት፤
ቃጭሉ ብቻ ቀርቶ፣ ማገር ላይ ነፋስ ሲመታው ነው ያደግኩት።»

ግብር! መንግሥት ከቤቷ የወሰደውን በሬ የትም አልጻፈ፤
የሰጣትን ግን በኪሎ፣ በሊትር፣ በአሻራ አሰለፈ።

ለካ የመጣችው ለዚህም አልነበረም። ከባናዋ እጥፋት
አንዲት ቀይ ፊት ብቅ አለች፣ የብርሃን ጠላት፣ ያዛጋች ሕፃን።
የጸጋዘአብ ልጅ። ሰባት ሳምንቷ። «መዝግብልኝ» አለች፣
«ይህችስ እንደ እኔ በበሬ አትቆጠር፤ ቀን ይኑራት» አለች።

ጻፍኩ። ሥርጉት ጸጋዘአብ። ቀን፣ ወር፣ የክትባት ካርድ ቁጥር።
ከዚህች መስመር ይጀምራል፣ ብስኩቱም፣ ድጎማውም፣ ጡረታውም፣
ከመጣ።
ይርገዱ ጎንበስ ብላ አየችው፣ የማታነበውን መስመር።

«ከሥሯ ቦታ ተርፏል አይደል? እኔንም ውለደኝ ልጄ፤
አንድ ቀን ስጠኝ። ወረፋ የሌለበት ቀን ይሁን እንጂ።»

ሕጉ ግምት ይፈቅዳል። ካላንደሩን ከመስከረም ወረድኩት፤
የስንዴው ቀን፣ የዘይቱ ቀን፣ የብድር መመለሻው… ባዶ አጣሁት።
ጳጉሜን ላይ ደረስኩ፣ ደመወዝ የማይታሰብባት ወር፤
ስድስተኛዋ ላይ ቆምኩ፣ በአራት ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ነገር፤
ኋላ ቢጠይቁኝ ላጠፋት እንድችል፣ እርሳስ አነሳሁ።

ፊደል አትቁጠር እንጂ፣ እርሳስን ታውቃለች።
ለምስክርነት ቀለም የነከረችውን አውራ ጣት ዘረጋች፤
«ቀለም ካነሰህ» አለች፣
«ይኸው፣ ከጣቴ።»